የትኛው ምርመራ ይጠቅማል? የትኛውስ ገንዘብ ብቻ ይበላል?

ባለፈው ወር አንድ ባልና ሚስት ወደ ክሊኒካችን መጡ። ሚስትየዋ የ43 ዓመት ሴት ስትሆን የመጣችው በክንዷ ቆዳ ሥር የተቀበረው የወሊድ መከላከያ ጊዜው ስላለፈ ለማስቀየር ነበር። ባልየው ደግሞ በእጁ አንድ የታጠፈ ወረቀት ይዟል። ወረቀቱ ከአንድ የግል የሕክምና ድርጅት የተሰጠ ሲሆን «ሙሉ የሴቶች ምርመራ» የሚል አርእስት ተጽፎበታል። በሥሩም የኦቫሪ ማለትም የእንቁላል ዕጢ አልትራሳውንድ፣ ሲኤ 125 የተባለ የደም ምርመራና ሌሎችም ተዘርዝረዋል። ድምሩ ከሁለት ወር የቤት ኪራያቸው ይበልጣል።

«ሲስተር፣» አለኝ ባልየው፣ «ጎረቤታችን በማኅፀን ካንሰር ሞታ አርባዋ ከወጣ ሳምንቱ ነው። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለንም። በዚህ ሳምንት ዕቁብ ይደርሰኛል፤ ለእርሷ የምሰስተው ገንዘብ የለኝም። ግን ይኼ ምርመራ በእርግጥ ይጠቅማታል?»

መልስ ከመስጠቴ በፊት ሚስትየዋ የማኅፀን በር የአቼቶ ምርመራ አድርጋ ታውቅ እንደሆነ ጠየቅኋት። አድርጋ አታውቅም።

«አቼቶ? ሰላጣ ላይ የሚደረገው?» ብሎ ባልየው ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ይሁን እንጂ ጥያቄው የሚያስቅ አይደለም። ብዙ ገንዘብ የሚከፈልበት ምርመራ የማይጠቅም፣ በአንድ ጠርሙስ አቼቶ የሚሠራው ደግሞ ሕይወት የሚያድን ሊሆን የሚችለው እንዴት ነው? በዚያን ቀን ተራ የሚጠብቅ ሰው ብዙ ስለነበረ ባጭሩ ነበር የመለስሁላቸው። ተመሳሳይ ጥያቄ ያላቸው ባለትዳሮች ብዙ እንደሆኑ ስለማውቅ በዚህ እትም ነገሩን ሰፋ አድርጌ ላስረዳ።

ቀድሞ ማወቅና መዳን

ቅድመ ምርመራ ማለት ምንም ሕመም ያልተሰማው ሰው በሽታ ተደብቆበት እንደሆነ ለማወቅ የሚያደርገው ምርመራ ነው። ሕመም ያለበት ሰው ጉዳይ ሌላ ነው። ከወር አበባ ውጭ ወይም ከግንኙነት በኋላ ደም የሚፈሳት፣ ሆዷ የተነፋ ወይም የማይለቅ ሕመም ያለባት ሴት ሐኪም አልትራሳውንድ አዝዞላት ከሆነ፣ ይህን ጽሑፍ አንብባ ምርመራውን እንዳትተው አደራ እላለሁ።

«ቀድሞ ማወቅ መቼም አይጎዳም» ሲባል እንሰማለን። እኔም በነርስ ትምህርት ቤት ሳለሁ እንዲሁ አምን ነበር። አንድ ምሳሌ እንመልከት። ከደሴ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ አውቶቡስ አለ እንበል። አንዱ ሰው ደብረ ብርሃን ላይ ሆኖ አውቶቡሱን ያየዋል፤ ሌላው አዲስ አበባ መናኸሪያ ቆሞ ይጠብቃል። የደብረ ብርሃኑ ሰው የአውቶቡሱን መምጣት ቀድሞ ዐወቀ፤ አውቶቡሱ መናኸሪያ የሚገባበት ሰዓት ግን በዚህ ምክንያት አልተለወጠም።

በሽታም አንዳንድ ጊዜ እንዲሁ ነው። አንዲት ሴት በሽታዋ በ50 ዓመቷ ታውቆ በ56 ዓመቷ ብትሞት «ከታወቀባት በኋላ 6 ዓመት ኖረች» ይባላል። ሌላዋ በሽታዋ በ54 ዓመቷ ታውቆ እርሷም በ56 ዓመቷ ብትሞት «2 ዓመት ብቻ ኖረች» ይባላል። በወረቀት ላይ የመጀመሪያዋ የተጠቀመች ትመስላለች። ሁለቱም የኖሩት እኩል ዕድሜ ነው፤ የመጀመሪያዋ ያተረፈችው 4 ተጨማሪ የጭንቀት ዓመታት ነው። ስለዚህ አንድ ምርመራ «ብዙ በሽታ አገኘ» ወይም «በጊዜ አገኘ» መባሉ አይበቃም። መጠየቅ ያለበት የተመረመሩት ካልተመረመሩት ያነሰ ሞቱ ወይ? የሚለው ነው።

ይህን ለማወቅ ደግሞ በራሳቸው ፈቃድ የተመረመሩትን ካልተመረመሩት ጋር ማወዳደር ያሳስታል። ራሳቸው የሚመጡት አብዛኛውን ጊዜ የተሻለ ገቢና ትምህርት ያላቸው፣ ለጤናቸውም ቀድሞ የሚጠነቀቁ ናቸው፤ ምርመራው ባይኖርም ረጅም ዕድሜ ሊኖሩ ይችላሉ። ስለሆነም ሰዎቹ በዕጣ ለሁለት ይከፈላሉ። ዕጣ ሀብታምና ድኻ፣ ጠንቃቃና ቸልተኛ አይለይም፤ ሁለቱን ወገኖች ያመሳስላቸዋል። ከዚያ በኋላ የሚታይ ልዩነት የምርመራው ወይም የመድኃኒቱ ውጤት ነው ለማለት ይቻላል።

እኛ አዋላጆች ይህን ዘዴ የምናመሰግንበት አንድ ትልቅ ምክንያት አለን። በእርግዝና ምክንያት ደም ግፊት ጨምሮባት የሚያንቀጠቅጣትን ሴት አንዱ ሐኪም በዳያዜፓም፣ ሌላው በፌኒቶይን፣ ሌላው በማግኒዥየም ሰልፌት ያክም ነበር፤ ሁሉም እንደ ልማዱ። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው በዕጣ የተደረገ ጥናት ማግኒዥየም ሰልፌት ከሁለቱም እንደሚበልጥ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ በ33 አገሮች ከ10,000 በላይ ሴቶች የተካፈሉበት ጥናት ይኸው መድኃኒት ማንቀጥቀጡ ከመጀመሩ በፊት ሲሰጥ አደጋውን ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ አረጋገጠ። መድኃኒቱ ውድ አይደለም፤ የኖረ ጨው ነው። ከዚያ በፊት በልማድ ብቻ ሌላ መድኃኒት የተሰጣቸውን እናቶች ሳስብ ግን ያሳዝነኛል።

የኦቫሪ ካንሰር ምርመራ ምን አሳየ?

አሁን ወደ ባልየው ወረቀት እንመለስ። በወረቀቱ ላይ የነበሩት ሁለቱ ምርመራዎች፣ ማለትም ሲኤ 125 እና አልትራሳውንድ፣ ሕመም በሌላቸው ሴቶች ላይ በሚገባ ተፈትነዋል። በእንግሊዝ አገርና በአካባቢው እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2005 የወር አበባቸው የቆመ፣ ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 74 የሆነ ከ202,000 በላይ ሴቶች በዕጣ ተከፋፈሉ። አንዱ ቡድን በየዓመቱ የደም ምርመራ አደረገ፤ እንደ ውጤቱም አልትራሳውንድ ተጨመረለት። ሁለተኛው በየዓመቱ አልትራሳውንድ ብቻ አደረገ። ሦስተኛው ምንም አልተመረመረም። ሴቶቹን ከ16 ዓመት ላላነሰ መካከለኛ ጊዜ ከተከታተሉ በኋላ የመጨረሻው ውጤት እ.ኤ.አ. በ2021 ወጣ። በደም ምርመራው ቡድን ካንሰሩ ገና ሳይሠራጭ የተገኘባቸው ሴቶች በርክተዋል። በበሽታው የሞቱት ግን በሦስቱም ቡድኖች ከ1,000 ሴቶች 6 ያህል ነበሩ፤ ልዩነት የለም። የደብረ ብርሃኑ ሰው ታሪክ ማለት ይህ ነው።

«ባይጠቅምስ ምን ይጎዳል? ገንዘቡ የእኔ» የሚል ይኖራል። በአሜሪካ ከ78,000 በላይ ሴቶች የተካፈሉበትና እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ሌላ ጥናት ለዚህ መልስ አለው። በዚያ ጥናት 3,285 ሴቶች ካንሰር ሳይኖርባቸው ምርመራው «ያጠራጥራል» አላቸው። ከእነዚህ 1,080ዎቹ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፤ ከእነርሱም መካከል 163ቱ፣ ማለትም ከ100 ሴቶች 15 ያህሉ፣ ከባድ የሆነ የጤና ችግር ደረሰባቸው። ልብ በሉ፤ እነዚህ ሴቶች ጠዋት ከቤታቸው ሲወጡ ጤነኞች ነበሩ። የሞት ቁጥር በዚህም ጥናት አልቀነሰም።

በዘር የሚተላለፍ የጡት ወይም የኦቫሪ ካንሰር በቤተሰባቸው ያለባቸው ሴቶች ከላይ በተባለው አይጠቃለሉም፤ እነርሱ ስፔሻሊስት ሐኪም ማማከር ይገባቸዋል።

አቼቶው ለምን ይለያል?

የማኅፀን በር ካንሰር ከኦቫሪ ካንሰር የሚለየው በአካሄዱ ነው። መነሻው ኤች ፒ ቪ የሚባል ቫይረስ ሲሆን ቫይረሱ በብዙዎች ሰውነት ውስጥ ገብቶ በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ ራሱ ይጠፋል። ሳይጠፋ የሚቆይባቸው ጥቂቶች ላይ የማኅፀን በር ሽፋን መለወጥ ይጀምራል፤ ይህ ለውጥ ካንሰር እስኪሆን ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ዓመት ይፈጅበታል። ቦታው ደግሞ በዐይን የሚታይ ነው፤ እንደ ኦቫሪ ሆድ ውስጥ አልተደበቀም። የተለወጠውን ሽፋን በማቀዝቀዝ ወይም በማሞቅ ማጥፋት ይቻላል። ስለዚህ ቀድሞ ማየት ብቻ ሳይሆን አውቶቡሱን መንገድ ላይ ማስቆም የሚቻልበት በሽታ ነው።

የአቼቶው ምርመራ የሚሠራው እንዲህ ነው። ከ3 እስከ 5 በመቶ ጥንካሬ ያለው አቼቶ በጥጥ የማኅፀን በር ላይ ይቀባል፤ አንድ ደቂቃ ይጠበቃል፤ የተለወጠ ሽፋን ካለ ነጭ ሆኖ ይታያል። ያማል ብላችሁ የምትፈሩ እኅቶች፣ መጠነኛ የማቃጠል ስሜት ሊኖር ይችላል እንጂ ያን ያህል አይደለም።

ይህም ቢሆን በዕጣ ተፈትኗል። በደቡብ ህንድ ዲንዲጉል በተባለ አካባቢ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ የሠለጠኑ ነርሶች ከ30 እስከ 59 ዓመት የሆናቸውን ሴቶች አንድ ጊዜ ብቻ በአቼቶ መረመሩ፤ ለውጥ የታየባቸውንም አከሙ። እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣው ውጤት መሠረት ምርመራው በደረሰባቸው መንደሮች በማኅፀን በር ካንሰር የሚሞቱት ሴቶች ካልደረሰባቸው መንደሮች በ35 በመቶ ያነሱ ሆኑ። በሙምባይ ከተማ ደግሞ መርማሪዎቹ ከየሰፈሩ ተመርጠው የሠለጠኑ ሴቶች ነበሩ፤ በየሁለት ዓመቱ ለአራት ጊዜ መርምረው ሞቱን በ31 በመቶ ቀነሱ። አንድም ውድ መሣሪያ አልነበረም። እኔ ይህን ውጤት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳነብ በሙያዬ ኮርቻለሁ ብል አላፍርም።

በእነዚህ ጥናቶች ለማወዳደሪያ የተመደቡት ሴቶች ትምህርት ከማግኘት በቀር አልተመረመሩም፤ ከእነርሱም መካከል በበሽታው የሞቱ አሉ። ብዙ ባለሙያዎች በዚህ ምክንያት ጥናቶቹን ወቅሰዋል፤ ወቀሳው ትክክል ነው ባይ ነኝ። ዛሬ የምንጠቀምበት ዕውቀት ለእነዚያ ሴቶች ባለ ዕዳ ነው።

አቼቶው እንከን የለውም ማለት ግን አይደለም። ውጤቱ በመርማሪዋ ዐይን ላይ የተመሠረተ ነው። በህንድ ኦስማናባድ በተባለ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1999 የተጀመረው ጥናት ከ131,000 በላይ ሴቶችን በአራት ከፍሎ አቼቶን፣ ፓፕ ስሚርንና የኤች ፒ ቪ ምርመራን ካልተመረመሩት ጋር አወዳድሯል። ከስምንት ዓመት በኋላ ኤች ፒ ቪ ከተመረመሩት 34,126 ሴቶች 34 ሲሞቱ፣ ካልተመረመሩት 31,488 ሴቶች 64 ሞተዋል፤ ማለትም ግማሽ ያህል ነው። የአቼቶውና የፓፕ ስሚሩ ቡድኖች ግን በዚህ ጥናት ከሞት አንጻር ግልጽ ልዩነት አላሳዩም። ኤች ፒ ቪ የለብሽም የተባለች ሴት ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ካንሰር የመያዟ ዕድልም በሌሎቹ ሁለት ምርመራዎች «ነጻ ነሽ» ከተባለችው በአራት እጥፍ ያነሰ ነበር። በዚህና በመሳሰሉት ማስረጃዎች የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ከሁሉም በፊት የኤች ፒ ቪ ምርመራ እንዲመረጥ መክሯል። ናሙናውን ሴትየዋ ራሷ ልትወስድ ትችላለች። ስለሆነም ይህ ምርመራ በሚገኝበት ቦታ እርሱን ምረጡ፤ በማይገኝበት ደግሞ አቼቶውን አትናቁ።

ዋጋ ሲባል የደረሰኙ ብቻ አይደለም

ባለትዳሮች ስለ ምርመራ ዋጋ ሲያወሩ የሚያስቡት ካርድ ክፍል የሚከፈለውን ነው። በጤና ሥራ ዋጋ የሚባለው ሰፊ ነው። ፓፕ ስሚርን እንመልከት። ናሙናው ይወሰድና ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል፤ በቁጥር ጥቂት የሆኑት ፓቶሎጂስቶች እስኪያዩት ይጠበቃል፤ ሴትየዋ ለውጤቱ ትመለሳለች፤ ችግር ካለ ለሕክምናው እንደገና ትመጣለች። ሦስት ጊዜ የታክሲ፣ ሦስት ቀን ከሥራ መቅረት፣ ሦስት ጊዜ ልጅ የሚይዝ ሰው መለመን አለበት። ከሁሉም የሚከብደው ደግሞ ሳትመለስ የምትቀረዋ ሴት ናት። ለውጥ ከተገኘባቸው 10 ሴቶች 4ቱ ሳይመለሱ ቢቀሩ፣ ምርመራው የቱንም ያህል ቢራቀቅ ለእነዚያ 4 ሴቶች አልተደረገም ማለት ነው። በአቼቶው ግን ለውጡ በታየበት ቀን፣ እዚያው አልጋ ላይ ሊታከም ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ አንድ ጥናት ይህን ለህንድ፣ ለኬንያ፣ ለፔሩ፣ ለደቡብ አፍሪካና ለታይላንድ አስልቶታል። አንዲት ሴት በ35 ዓመቷ አንድ ጊዜ ብቻ በአቼቶ ወይም በኤች ፒ ቪ ብትመረመርና በአንድ ወይም በሁለት ጉብኝት ብትታከም፣ በዕድሜ ዘመኗ በካንሰሩ የመያዝ አደጋዋ ከ25 እስከ 36 በመቶ ይቀንሳል። ለእያንዳንዱ የተረፈ የዕድሜ ዓመት የሚወጣውም ከ500 ዶላር ያነሰ ነው። በ35 እና በ40 ዓመቷ ሁለት ጊዜ ብትመረመር አደጋው ይበልጥ ይቀንሳል። እንግዲህ «ርካሽ» ማለት በአነስተኛ ገንዘብ ብዙ ዕድሜ የሚያተርፍ እንጂ ጥራት የሌለው ማለት አይደለም።

ክትባቱም በዚሁ ሚዛን ተመዝኗል። በአገራችን የኤች ፒ ቪ ክትባት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ሲጀምር ሁለት ጊዜ ነበር የሚሰጠው። በኬንያ ከ2,000 በላይ ወጣት ሴቶች የተካፈሉበት ጥናት አንድ ጊዜ ብቻ መከተብ ከፍተኛ መከላከያ እንደሚሰጥ እ.ኤ.አ. በ2022 አሳየ፤ በዚያው ዓመት የዓለም የጤና ድርጅት አንድ ጊዜ መከተብ ሊበቃ እንደሚችል አስታወቀ። በአንዱ ወጪ ሁለት ልጆች ይከተባሉ ማለት ነው። ሴት ልጅ ያላችሁ ወላጆች በትምህርት ቤት ስትጠራ አታስቀሩባት።

ለባልና ሚስት

በአገራችን የማኅፀን በር ካንሰር ሴቶችን ከሚይዙት ካንሰሮች ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሁለተኛው ነው። የአቼቶው ምርመራ በብዙ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች የሚሰጥ ሲሆን በተለይ የሚመለከታቸው ከ30 እስከ 49 ዓመት የሆናቸው ሴቶች ናቸው። ከዚያ በላይ ለውጡ የሚጀምርበት ሥፍራ ወደ ውስጥ ስለሚገባ በዐይን ለማየት ያስቸግራል። ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ሴቶች በ25 ዓመታቸው ጀምረው ቶሎ ቶሎ መመርመር አለባቸው። የወር አበባ በሌለበት ቀን ይምጡ። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ቀድመው ይንገሩን።

አቼቶ በቤትም ስላለ አንዳንድ እኅቶች ራሳቸውን ሊታጠቡበት ያስባሉ። አያድንም፤ ሰውነትን ያቆስላል።

ባሎችን አንድ ነገር ልለምን። ሚስትዎ ለውጥ ተገኝቶባት በማቀዝቀዝ ወይም በማሞቅ ከታከመች ለጥቂት ሳምንታት ውኃ የመሰለ ፈሳሽ ይኖራታል፤ ለ4 ሳምንታትም ከግንኙነት መታቀብ፣ ካልተቻለም ኮንዶም መጠቀም ያስፈልጋል። «ይህ ቫይረስ ከየት መጣ?» ብሎ ጠብ ማንሣት ደግሞ ፈጽሞ አይገባም። ቫይረሱ ከብዙ ዓመታት በፊት ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ ከማን ከማን እንደተላለፈ የሚናገር ምርመራ የለም። በዚህ ጠብ ፍርሃት የተነሣ ሕክምናውን አቋርጣ የጠፋች ሴት ዐውቃለሁ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ደም እየፈሰሳት ነበር የተመለሰችው።

ከማንኛውም ውድ ምርመራ በፊት የሚያዝዝላችሁን ባለሙያ በአክብሮት ጠይቁ። ሕመም ሳይኖረኝ ይህን ማድረጌ ሞትን እንደሚቀንስ ተረጋግጧል? አጠራጣሪ ውጤት ቢመጣ ቀጥሎ ምን ይደረግብኛል? በሽታው ቢገኝ ሕክምናው እዚህ አለ? ለመጨረሻው መልሱ «የለም» ከሆነ ገንዘባችሁን አስቀምጡ።

ባልና ሚስቱ ሁሉንም ካደመጡ በኋላ ሚስትየዋ የክንዷን መከላከያ አስቀይራ እዚያው በአቼቶ ተመረመረች። ነጭ ነገር አልታየም። በካርዷ ላይ የሚቀጥለውን የቀጠሮ ዓመት ጻፍሁላት። ባልየው ወረቀቱን እንደገና አጥፎ ኪሱ ከተተና «ለወንድስ እንዲህ ያለ ርካሽ ነገር የላችሁም?» ሲል ጠየቀኝ። ዕድሜው 51 ነው። አስቀምጬ የደም ግፊቱን ለካሁት። 164 በ100 ሆነ።

«ምንም አያመኝም እኮ፣ ሲስተር» አለኝ።

ጥቂት አሳርፌ ደግሜ ለካሁት፤ ብዙም አልወረደም። በሁለት የተለያዩ ቀናት እንደገና እንዲለካና መድኃኒት ያስፈልገው እንደሆነ እንዲታይ ወደ ጤና ጣቢያው የመላኪያ ወረቀት ጻፍሁለት። ሚስትየዋ ወረቀቱን ከእጁ ተቀብላ በቦርሳዋ ያዘችው።